ወደ ኮረብታው የሚዞረው ሶላር

በአቢያታ ሜዳ ቀን የሚጀምረው በጨርቅ ነው። ጎህ ሲቀድ ከየተጎታች ቤቱ አንድ አንድ ሰው እርጥብ ጨርቅ ይዞ ይወጣና ሌሊት የወረደውን ነጭ ብናኝ ከሶላሩ ላይ ይጠርጋል። ሐይቁ ከደረቀ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ብናኙ አላለቀም። ጨርቁ ውኃ ከበዛበት ብናኙ ይለጠፋል፤ ከደረቀ ደግሞ መስታወቱን ይቧጭራል። ይህን ሕፃናት እንኳ ያውቃሉ። ጠረጋው ሲያልቅ ሶላሮቹ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ ያዞራሉ፣ ማራገቢያዎቹ ይነሳሉ፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ አንድ ወጥ ድምፅ ይጀምራል። አዲስ የመጣ ሰው ለጥቂት ቀናት ራሱን ያመዋል። ከዚያ በኋላ አይሰማውም።

ከተሞቹ ተጎታች ቤቶችን የሚያስጠጉት በክረምት ብቻ ነው። መስከረም ሲጠባ ቤት መከራየት ያቃተው ሁሉ ቤቱን ከመኪና ኋላ አስሮ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ዝናብ መጥቶ ሜዳው ጭቃ እስኪሆን ድረስም እዚያው ይከርማል። ውኃ በቦቴ ይመጣል። መብራት አይመጣም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ይዞ ይዞራል።

ሰው ሲሞት ነጭ መኪና ይመጣል። ሙቀቱ ስለማይፈቅድ አስከሬን አይቆይም። ድንኳን መትከል የአየር መተላለፊያ ይዘጋል ተብሎ ስለተከለከለ ለቅሶ አይቀመጡም። ጎረቤት በሩ ድረስ መጥቶ፣ ጥላው ሶላሩ ላይ እንዳያርፍ ፈንጠር ብሎ ቆሞ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ይላል፤ ይመለሳል። ሟቹ ብቸኛ ከሆነ ዕቃው በሜዳው ጫፍ ወዳለው የቀሪ ዕቃ ተራ ይሄዳል።

ትርንጎና ባለቤቷ ዳምጠው ሶላር ፍለጋ ወደዚያ ተራ የሄዱት በሚያዝያ ነበር። ትርንጎ በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ ያለች፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሴት ናት። ሥራዋ በበጋ ልትኖርበት በማትችለው ከተማ የሚዞሩትን አውቶቡሶች ከተጎታች ቤቷ ሆና ማሰማራት ነው። ዳምጠው አናጢ ነበር፤ ስኳሩ እግሩን ካደከመው ወዲህ የጎረቤቶችን ቁም ሳጥን ተቀምጦ ይጠግናል። መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። በመስከረም የገዙት ተጣጣፊ ሶላር በዚያ ሳምንት ተላልጦ እንደ አሮጌ ቀለም ረግፎ ነበር።

ነጋዴው ቀጸላ ይባላል። ወፍራም ነው፤ ባርኔጣው ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ሶላር አሰፍቶ በእሱ አንገቱን የሚያናፍስ ትንሽ ማራገቢያ ያዞራል።

«ስንት ናችሁ?» አለ።

«ሁለት ነን። ግን የባለቤቴ መድኃኒት አለ። ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ መሥራት አለበት።»

ቀጸላ ተጣጣፊዎቹን በእግሩ ገፋ አደረጋቸው። «እንግዲያው እነዚህን አትያቸው፣ እህቴ። ቀላል ናቸው፣ ታጥፈው አልጋ ሥር ይገባሉ፤ ለሁለት ቀን ሽርሽር የሚስተካከላቸው የለም። እዚህ ሜዳ ላይ ግን በጋ አይሻገሩም። የናንተው ጣሪያ ላይ ተለጥፎ አይደል የተቃጠለው?»

«ጣሪያ ላይ ነበር» አለ ዳምጠው።

«ሶላር ፀሐይ ይወዳል እንጂ ሙቀት አይወድም። ከሥሩ አየር ካጣ ይደክማል። ቤታችሁን ጥላ ውስጥ አቁሙት፣ ሶላሩን ፀሐይ ላይ። ገመዱ ወፍራም ይሁን፤ በቀጭን ገመድ ከሩቅ ከሳባችሁ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ጥላ ደግሞ ተጠንቀቁ። ጥጉ ላይ አንድ ካልሲ ብታሰጡበት ሙሉው ይሰንፋል።»

ከኋላ ለራሱ መብራት ፀሐይ ላይ ያቆመውን አንድ ባለ መስታወት አመጣ። ባለ እግር ነው፤ ራሱ ፀሐይዋን እየተከተለ የሚዞር። ትርንጎ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች፤ አልተነፋም፣ አልጠቆረም። ዳምጠው ጎንበስ ብሎ መሰኪያዎቹን ነቀነቀ፤ አልላሉም። ቀጸላ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ መለኪያውን ሲያስነካው ቁጥሩ ወዲያው ወጣ።

«እጅ ለምዷል» አለ፤ በሬ እንደሚሸጥ ሰው መስታወቱን መታ መታ አድርጎ። «ገራም ነው።»

«የማን ነበር?»

«የሰው ነዋ!» አለና ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።

ባለ እግር ሶላር የባለቤቱን እጅ ያጠናል። ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ጥላ የሚመጣበት ፈቀቅ ማለትን ይለምዳል፤ ባለቤቱ ነፋስ ሲነሳ የሚያስተኛው ራሱ መተኛትን ይለምዳል። ሰዎች ይህን አመል ይሉታል። አዲስ ባለቤት ከፈለገ ይደመስሰዋል፤ ብዙዎች ግን የጥንቃቄ አመል ጠቃሚ ነው ብለው ይተዉታል። ትርንጎም ተወችው።

መጀመሪያ ያስተዋለው ዳምጠው ነው። በሩ ላይ ተቀምጦ ማጠፊያ ሲሞርድ፣ ጥላዎች መርዘም በጀመሩበት ሰዓት፣ ሶላሩ ከሌሎቹ ተለየ። የረድፉ ሶላሮች ሁሉ ወደ ምዕራብ እያዘነበሉ ሳለ የእነሱ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ጀርባውን ለፀሐይ ሊሰጥ ምንም አልቀረው፤ ፊቱን ወደ ምሥራቁ ኮረብታ አድርጎ ቆመ። በየመሐሉ አንድ ጊዜ ጎንበስ፣ ቀና ይላል። ፀሐይ መቅላት ስትጀምር ወደ ቦታው ተመለሰ። በዚያ ሰዓት የሚሰበሰብ ብዙ አልቀረም ነበር።

በማግሥቱም እንዲሁ አደረገ። ትርንጎ በእጇ አዞረችው። እጇን ስታነሳ ተመልሶ ዞረ።

ከጎናቸው የምትኖረው ዙልፋ፣ የመንታ ሕፃናት እናት፣ በመስኮቷ ብቅ ብላ አየችና «አመል ነው፤ ትንሽ ታገሡት» አለች። ግን ባትሪው ሳይሞላ ይመሻል፤ ማቀዝቀዣው ሳይነጋ ዝም ይላል። አንድ ጠዋት ዳምጠው የመድኃኒቱን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። ውስጡ እንደ ሩዝ ውኃ ደፍርሶ ነበር። ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ ሌላ የሚመጣው ደግሞ በመድኃኒት ማከፋፈያው ተራ ሲደርሳቸው ነው።

«ዙልፋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቦታ ልጠይቃት?» አለች ትርንጎ።

«የሕፃናቱ ወተት አለበት። ምን ትበል፤ አታሳቅቂያት። ይልቅ የዚህን አመል እንደምስሰው።»

«እንደምስሰው» አለች። ያን ከሰዓት ግን ከመደምሰሷ በፊት፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ሄዳ ከሶላሩ ኋላ ቆመች። ፊቱን ወዳዞረበት አቅጣጫ አሻግራ ተመለከተች።

ኮረብታው ግራጫ ነው። እዚያ የነበሩት መንደሮች ጉድጓዳቸው ሲደርቅ ተነሥተዋል፤ የስልኩ ማማ ከወደቀ በኋላ ማንም አላቆመውም። ቦታው ሰው የለበትም ተብሎ በካርታ ላይ ቀለሙ ተቀይሯል። ትርንጎ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ስታይ፣ ከግራጫው መካከል አንድ ነገር ብልጭ አለ። ጠፋ። ሶላሩ ጎንበስ ቀና አለ። ከኮረብታው እንደገና ብልጭ አለ።

«ዳምጠው» አለች። «ና እስቲ።»

ከዘራውን ይዞ መጣ። አብረው አዩ። ሶላሩ ጎንበስ ባለ ቁጥር፣ ከጥቂት ቆይታ በኋላ፣ ከወዲያ መልስ ይመጣል።

«ቆርቆሮ ይሆናል» አለ።

«ቆርቆሮ ተራውን አይጠብቅም።»

ዳምጠው ዓይኑን በእጁ ጋርዶ እንደገና አየ። ክንዱ ላይ ያለው ፀጉር ቆሞ አየችው፤ በዚያ ሙቀት።

በማግሥቱ ቀጸላ ዘንድ ሄደች። ሶላሩን የሸጠላት ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው መስሎ ነው የተቀበላት፤ ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ዝቅ አድርጎ።

«እመልሳለሁ ብለሽ ከሆነ፣ የተሸጠ አንመልስም።»

«ልመልስ አይደለም። የማን እንደነበር ንገረኝ።»

ትንሽ አመነታ። «ብቻዋን የምትኖር ልጅ ነበረች። ወለላ ትባላለች። መጋቢት ላይ ያ ትልቁ ሙቀት ሲመጣ፣ ማራገቢያዋን አጥፍታ ተኝታ ተገኘች። ባትሪ ትቆጥብ ነበር አሉ። ነጩ መኪና ወሰዳት።»

«ዘመድ የላትም?»

«ኮረብታው ላይ እናት አለችኝ ትል ነበር። ከተነሺዎቹ ጋር አልወርድም ብላ የቀረች። እኛ ቀልድ ይመስለን ነበር፤ እዚያ ማን ይኖራል? እዚህ ለእናቷ የመቆሚያ ፈቃድ እንዲሰጧት ስትመላለስ ነው የከረመችው። ስታገኝ ልታወርዳት።»

«ፈቃዱን አገኘች?»

«ሞተች እኮ ነው የምልሽ» አለ ቀጸላ።

ትርንጎ የኮረብታውን ብልጭታና ከቀጸላ የሰማችውን ለዙልፋ ነገረቻት። ዙልፋ አንደኛውን ሕፃን ከጡቷ ላይ ሳታነሳ ወደ ኮረብታው አሻግራ አየች። ከዚያ «ያች ሴት መርዶ አልደረሳትም» አለች። «ልጇ ከሞተች ስንት ጊዜዋ፤ እሷ ግን በየቀኑ ደህና ነኝ እየተባለች ነው። ያ ዕቃችሁ ነው ደህና ነኝ የሚላት።»

ግንቦት እየተጋመሰ ነበር። ከደቡብ በኩል ደመና ብቅ እያለ ይመለስ ጀምሯል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ሜዳው ይነሣል፤ ተጎታች ቤቶቹ ወደ ደጋ ይወጣሉ፤ በኮረብታውና በመንገዱ መካከል ያለው ሁሉ እስከ መስከረም ጭቃ ይሆናል። እዚያ ላይ ያለ ሰው እዚያው ይቀራል።

ትርንጎ ልትሄድ ወሰነች። መርዶ የሚነገረው በብዙ ሰው እንጂ በአንድ ሰው አይደለም፤ ግን የሚከተላት አልነበረም። ዙልፋ ሕፃናቷን ትታ አትሄድም፤ ዳምጠው አቀበት አይወጣም፤ ሌላው ወለላ የምትባል ሰው መኖሯን አያውቅም።

«እስክመለስ አመሉን አትደምስሰው» አለችው ባሏን። «ሳልነግራት ብርሃኑ ቢቋረጥባት፣ በዚያ መንገድ ነው የምትሰማው።»

ዳምጠው ያችን የቀረች ብልቃጥ ዓይኖቹ ሳይለቋት «እሺ» አለ።

የውኃ ቦቴ የሚነዳው ሁንዴ ጠዋት ከኮረብታው ግርጌ አወረዳት። ወደ ላይ እያየ «ስመለስ እዚህ ጠብቂኝ» አለ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ። እኔ እዚያ አልወጣም። ሰው የሌለበት ቤት ብዙ ሲሆን ደስ አይልም።»

መንደሩ በሮቹ በገመድ ታስረው ቆመዋል። አንዳንዱ በር ላይ የቤተሰቡ ስምና የሄዱበት ቦታ በቀለም ተጽፏል፤ ፀሐይ አደብዝዞታል። ዛፎቹ ቅርንጫፍ ብቻ ናቸው። ትርንጎ የራሷን እግር ድምፅ ስትሰማ ገረማት፤ ከሜዳው ድምፅ ከወጣች ብዙ ወራት ሆኗታል። ወዲያው ደግሞ መጥረጊያ ሰማች።

ግቢው ንጹሕ ነበር። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብላ ትጠርጋለች፤ ደርቃ የቀጠነች፣ ነጠላዋን በወገቧ ያሰረች። ግድግዳው ላይ ከቁም ሳጥን በር የተነቀለ ረጅም መስታወት ተደግፏል። በሩ አጠገብ አንድ የታሰረ ጓዝ አለ።

አሮጊቷ ቀና ብላ አየቻትና መጥረጊያውን ጣለች።

«ከወለላ ዘንድ ነሽ» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

ትርንጎ አፏን ከፈተች። «አዎ፣ እማማ» አለች።

አሮጊቷ፣ እማማ አመለወርቅ፣ ሁለት እጇን ይዛ ሳመቻት፤ ጉልበቷን ነካች፤ ጥላ ውስጥ አስቀመጠቻት። የተጠበሰ ሽምብራ አመጣች። ውኃ ልትቀዳ ወደ በርሚሉ ስትሄድ ኩባያው ከታች ከቆርቆሮው ጋር ሲጋጭ ተሰማ። በርሚሉን አዘንብላ ነው የቀዳችው።

«እኔ ጠጥቻለሁ፣ እማማ።»

«የመንገድ ሰው አይጠጣም እንዴ? ጠጪ። ልጄ ምን ትመስላለች? ከስታለች?»

«ደህና ናት… ረጅም ናት አይደል?»

«ረጅም? ወለላ?» ሳቀች። «ረጅም ሰው ስላየሽ ነው ሜዳ ላይ። እኔን ነው የምታክል። ትበላለች? ስትቆጣ አትበላም እሷ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው።»

ትርንጎ ሽምብራውን ቆረጠመች። ልትነግራት ነበር የመጣችው፤ አረፍተ ነገሩን መንገድ ሙሉ ስታበጀው ነበር። አሁን ያ አረፍተ ነገር ከዚህች ሴት ፊት የሌላ ቋንቋ መሰለ።

«ስትሄድ ምን አለችኝ መሰለሽ?» አለች እማማ አመለወርቅ። «‹እማዬ፣ በየቀኑ ሶላሩን አዙሬ አበራልሻለሁ። ካበራሁ ደህና ነኝ ማለት ነው። እስካበራሁ ድረስ ከቤትሽ ንቅንቅ እንዳትዪ፤ ቦታ ሳገኝ መጥቼ እወስድሻለሁ።› ይኸው አንድ ቀን አላጓደለች። ደመና ካልሆነ በቀር። እኔም በዚህ እመልስላታለሁ።» መስታወቱን አመለከተች። «ጎረቤቶቼ ሲሄዱ እብድ አሉኝ። ልጄ እዚያ ታች ቆማ እያየችኝ የት እሄዳለሁ?»

«ውኃው አልቋል እኮ፣ እማማ።»

«ታውቃለች። ለዚህ ነው አንቺን የላከችሽ። ጓዜን ካሰርኩ ቆየሁ።»

ፀሐይዋ ጣሪያውን እየተሻገረች ነበር። ትርንጎ ለራሷ ተናገረች፦ ይህን የዛሬውን ብርሃን ትየው። አይታ ትጨርስ፣ ከዚያ እነግራታለሁ። አንድ ቀን ምን ይጎዳል?

ጥላው በግቢው መሐል ሲደርስ እማማ አመለወርቅ ተነሣች። በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ጠረገች። ትንሽ በርጩማ አምጥታ ተቀመጠች፤ ወደ ሜዳው ፊቷን አዞረች። ከዚያ ላይ ሜዳው ነጭ ሰሌዳ ነው፤ ተጎታች ቤቶቹ በላዩ እንደ ተደረደሩ ጥርሶች ናቸው። «አሁን ናት» አለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትመርቃለች። «እድሜሽን ያርዝመው። ክፉ አይንካሽ። አሁን ናት።»

ምንም አልመጣም።

«እንቅልፍ ወስዷት ይሆናል» አለች ከቆይታ በኋላ።

ትርንጎ ሜዳው ላይ የራሷን ረድፍ ፈለገች። ሁሉም ነገር ወደ ምዕራብ አዘንብሏል። አንድም ወደ እነሱ የዞረ የለም። ዳምጠው፣ አለች በልቧ። ዳምጠው፣ እሺ ብለኸኝ!

«ደመና አለ እንዴ? ዓይኔ ነው?»

«የለም፣ እማማ።»

ጥላው ግቢውን ጨረሰ፤ ግድግዳው ላይ መውጣት ጀመረ። አሮጊቷ ከተቀመጠችበት አልተንቀሳቀሰችም። ወደ ትርንጎም አላየችም። ከዚያ ተነሥታ መስታወቱን ያዘችና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች፤ ጥለቱን አዘቅዝቃ፣ በደረቷ ላይ አጣፍታ ለበሰችው። በርጩማው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ተቀመጠች።

«መቼ ነው?» አለች።

ትርንጎ አጠገቧ ተንበረከከች። «በመጋቢት ነው፣ እማማ።»

«በመጋቢት።» አሮጊቷ ቃሉን በአፏ አገላበጠችው። «ከመጋቢት ወዲህ ታዲያ ማን ነበር?»

«ማንም አልነበረም። ዕቃው ነው። ወለላ በየቀኑ ስታዞረው ለምዶ ነው።»

«ማንም» አለች እማማ አመለወርቅ። «ማንምን ነው ስመርቅ የከረምኩት።»

ጮኻ አላለቀሰችም። እጇን መሬቱ ላይ ጭና፣ አፈሩን ቀስ እያለች እንደ ሕፃን ጀርባ መታ መታ ስታደርግ ቆየች። ትርንጎ የተናገረችውን ሁሉ አልሰማቻትም። ሁንዴ ከግርጌ ጥሩምባ ሲነፋ፣ አሮጊቷ ራሷ ናት ተነሥታ ጓዙን ያነሳችው። በሩን እንደ ሌሎቹ በገመድ አሰረች። የሄደችበትን አልጻፈችም።

ሜዳው ሲደርሱ ገና ብርሃን ነበር። ዳምጠው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ትርንጎ ከመኪናው ሳትወርድ ጀምራ አፍጥጣ አየችው። እሱ ግን ያያት አሮጊቷን ነው። ከዘራውን ጥሎ፣ በዚያ በደከመ እግሩ፣ መሬት ላይ ተንበረከከ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ» አለ። «ቃል ገብቼ ነበር። ቀትር ላይ ሳየው ባትሪው ገና ባዶ ነው፣ የቀረችው አንድ ናት፣ ፈራሁ። እኔ ነኝ የደመሰስኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ አመለወርቅ ከላይ ቁልቁል ተመለከተችው። ከዚያም ሶላሩን፤ እንደ ባልንጀሮቹ ወደ ምዕራብ አዘንብሎ የቆመውን።

«ተነሥ፣ ልጄ» አለች። «ልጄ ከሞተች ወዲህ ያላታለለኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ያን ሌሊት ትርንጎ ከባሏ ጋር አልተነጋገረችም። አልጋቸውን ለአሮጊቷ ለቀው ወለሉ ላይ ተኙ። ጎህ ሊቀድ ሲል ግን እጇን ዘርግታ የእሱን ፈለገች፤ ነቅቶ ነበር።

በማግሥቱ ዙልፋ ሕፃናቱን በደረቷና በጀርባዋ አዝላ መጣች። ሁንዴ በቦቴው መንገድ ላይ ለሰው ሁሉ ተናግሮ ስለነበር የረድፉ ሰዎችም አንድ ሁለት እያሉ መጡ። ድንኳን ስለማይቻል በተጎታች ቤቱ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሟቿን የሚያውቃት የለም። ምን እንደሚባል ስላላወቁ ዝም አሉ። እማማ አመለወርቅ መካከላቸው ተቀምጣ አፏን ከፈተች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የአንገቷ ሥር ተገተረ። ከእሷ ቀጥሎ የተቀመጠችው ዙልፋ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ምን አሉ፣ እማማ?»

«ድምፄ አይሰማኝም» አለች አሮጊቷ። «ምንድን ነው ይሄ የሚጮኸው? የራሴ ልቅሶ አይሰማኝም።»

ዙልፋ ለጊዜው አልገባትም ነበር። ቀና ብላ አዳመጠች፤ እንደ መጀመሪያው ሳምንት የማራገቢያዎቹን ድምፅ ሰማች። ተነሥታ ወደ ቤቷ ሄደች። ማራገቢያዋ ቆመ። ጥቂት አሰበችና ሶላሯንም አጥፋ አስተኛችው፤ የወተቱን ጠርሙሶች በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ወጣች። ከወዲያ ያለው ሰውዬ አያት፤ የራሱን አጠፈ። ቀጥሎ ያሉት ባልና ሚስት አጠፉ። ሰዎች የልጆቻቸውን ወተትና የአሮጊቶቻቸውን መድኃኒት እያወጡ ወደ አንድ ማቀዝቀዣ አመጡ፤ ያ ማቀዝቀዣ የነትርንጎ ነበር፤ የወለላ ሶላር ብቻውን በፀሐይ ላይ ቆሞ ለሁሉም ሠራ። የዳምጠው ብልቃጥ ከሌሎች ሰዎች ብልቃጦች መካከል ገባች።

የሜዳው አስተዳደር ድምፅ ማጉያ ተናገረ፦ በዚህ ረድፍ ማራገቢያዎች ቆመዋል፤ ብልሽት ከሆነ አሳውቁ። ማንም አልመለሰም። ቀጣዩ ረድፍ ምን ሆነው ነው ብሎ ጠየቀ፤ ለቅሶ ነው ተባለ። ለቅሶ? አሉ። እነሱም አጠፉ። ከዚያ የሚቀጥለው፤ ከዚያም ወዲያ። ድምፁ ከረድፍ ረድፍ እየሸሸ ሄደ፤ እንደ ወንዝ ወደ ሜዳው ጫፍ ወርዶ፣ ቀጥኖ፣ ቆመ።

ሙቀቱ ወዲያው መጣ። ማንም አልተነሣም። የሐይቁ መሬት በፀሐይ ሲሰነጠቅ ተሰማ፤ ሁልጊዜም ይሰነጠቅ ኖሯል። በዚያ ጸጥታ መካከል እማማ አመለወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የልጇን ስም ጠርታ አለቀሰች። ድምፅዋ ትንሽ ነበር፤ ግን ሩቅ ሄደ።

ስታበቃ ሰው ሁሉ ፊቱን እየጠረገ ዝም አለ። ዝምታው ግን አልሞላም። ትርንጎ ቀድማ ያ ያልሞላው ምን እንደሆነ ሰማች፤ የዳምጠውን ክንድ ያዘች። ከሁለት ረድፍ ወዲያ፣ በሩ ከተዘጋ ተጎታች ቤት ውስጥ፣ አንድ ሰው ያለቅሳል። ወንድ ነው። ከእሱም ወዲያ ሌላ። ከወደ ቦቴው ማቆሚያ አንዲት ሴት፣ ደንበኛ ሙሾ ሳይሆን፣ ትራስ እንደ ነከሰ ሰው። ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፤ አንዳንዱ ከሩቅ የተነሣ ነፋስ ይመስላል። ማንም አሁን የጀመረ አልነበረም። የሚሸሽጋቸው የሜዳው ድምፅ መቆሙን ገና አላወቁም።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ያ በቦቴው ማቆሚያ በኩል ያለው የታደለች ቤት አይደለም?» አለ አንዱ ቀስ ብሎ። «ባሏ በጥር አይደል የ…»

እማማ አመለወርቅ ነጠላዋን አስተካክላ፣ መሬቱን ተመርኩዛ ተነሣች። ከትርንጎ ቤት ጥላ ወጥታ፣ በታጠፉት ሶላሮች መካከል አቋርጣ፣ ሰውየው ወደሚያለቅስበት ወደ መጀመሪያው የተዘጋ በር ሄደች። አንኳኳች። ውስጥ ያለው ልቅሶ ቀጥ አለ።

«ክፈት፣ ልጄ» አለች። «ሰምተንሃል።»